«ሐቅ ያለው ካለ ይምጣ»፦ የወሲያ ታሪክ ከዙበይር እስከ ሰኞ ገበያ

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ደሴ ውስጥ ጀናዛ የሰገደ ሰው ሁሉ ይህን ቃል ሰምቶታል። ሶፉ ከተያዘ በኋላ፣ ተክቢራ ከመባሉ በፊት፣ ከቤተሰቡ አንዱ ወደ ሰጋጁ ይዞርና «በሟች ላይ ሐቅ ያለው ካለ ይምጣ፣ እኛን ያነጋግር፤ የቻለ ዐፍው ይበል» ይላል። ሰጋጁ ዝም ይላል። ሶላቱ ይሰገዳል፣ ጀናዛው ይሸኛል።

መስጂድ ውስጥ ኢማሙን የምናግዝ ሰዎች ግን ከዚያ በኋላ የሚመጣውንም እናያለን። በሦስተኛው ቀን፣ በሳምንቱ፣ ከመግሪብ በኋላ ሰው ሲበታተን ጠብቀው የሚቀርቡ አሉ። አንዱ «ሐጂ ዘንድ ያስቀመጥኩት ብር ነበር» ይላል፤ ወረቀት የለውም። ሌላዋ «ሱቁ ሲከፈት ወርቄን ሸጬ ነው የገባሁበት» ትላለች፤ ምስክር የላትም። ልጆቹ ደግሞ «አባታችን ምንም አልነገረንም» ይላሉ። ሁሉም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል። እውነቱን አሟልቶ የሚያውቀው ሰው ግን ከአፈር በታች ገብቷል።

ሌላም ዓይነት ቤት አይተናል። ሰኞ ገበያ ውስጥ ዕድሜያቸውን በንግድ የጨረሱ አንድ አባት ሲሞቱ ልጆቻቸው ከገንዘብ መሳቢያው ሥር አንድ የተማሪ ደብተር አገኙ። በአንድ በኩል «የሰው ገንዘብ» ይላል፤ ስም፣ መጠን፣ ቀን። በሌላ በኩል «ሰው ላይ ያለኝ» ይላል። መጨረሻው ገጽ ላይ ወሲያቸው አለ፤ የምስክሮች ስምና ፊርማ ሰፍሯል። የዚያ ቤት ጉዳይ በአንድ ምሽት አለቀ። ወንድሞችና እህቶች ሲወጡ ተቃቅፈው ነበር የወጡት።

ስለዚህ ደብተር ነው ዛሬ የምናወራው። ወሲያ የሽማግሌዎች ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ዳፋው ግን የሚያርፈው በወጣቱ ላይ ነው። ታሪኩም ከመዲና ተነስቶ፣ በሐረርና በወሎ አልፎ፣ በአዲስ አበባ አደባባይ ተሰልፎ የመጣ ረጅም ታሪክ ነው።

የመጀመሪያዋ ከሳሽ

ከእስልምና በፊት ዐረቦች ዘንድ ውርስ ጦር መያዝ ለሚችል ወንድ ነበር። ሴትና ሕፃን አይወርሱም ነበር። እስልምና ሲመጣ በመጀመሪያ ሰው ሞት ሲቃረበው ለወላጆቹና ለዘመዶቹ እንዲናዘዝ ታዘዘ፤ ትእዛዙ በሱረቱል በቀራ ውስጥ ነው። ድርሻ በቁጥር የተደነገገው ግን ከዚያ በኋላ ነው። ለዚህም ምክንያት ሆና የምትወሳው አንዲት ባሏ የሞተባት እናት ነች።

በ3ኛው ዓመተ ሒጅራ በኡሑድ ዘመቻ ሰዕድ ኢብኑ ረቢዕ (ረ.ዐ) ሸሂድ ሆነ። ሚስቱንና ሁለት ሴት ልጆቹን ተወ። ወንድሙ ንብረቱን በሙሉ ወሰደው። ሚስትየው ልጆቿን ይዛ ወደ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መጣችና የልጆቹ አጎት ምንም ሳያስቀርላቸው እንደወሰደ ነገረቻቸው፤ ገንዘብ ከሌላቸው ማንም እንደማያገባቸውም ተናገረች። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) አላህ በዚህ ላይ ይፈርዳል ብለው አቆዩዋት። ከዚያ የሱረቱ ኒሳእ የውርስ አንቀጾች ወረዱ። አጎትየውን አስጠርተው ለሁለቱ ልጆች ሁለት ሦስተኛውን፣ ለእናታቸው አንድ ስምንተኛውን እንዲሰጥና የቀረውን እንዲወስድ አዘዙት። ንብረቱ 24 እጅ ቢሆን 16ቱ ለልጆቹ፣ 3ቱ ለእናታቸው ሲደርስ፣ ሁሉንም ወስዶ ለነበረው አጎት የቀረው 5 ብቻ ነው።

ወንድሞች፣ ይህን ታሪክ ደጋግመን እናንብበው። ዛሬም እህቱን «አንቺ አግብተሽ ሄደሻል፣ ለወንድሞችሽ ተይው» የሚል አለ። እህት ስታፍር፣ ዘመድ ሲያግባባት፣ «ትቼዋለሁ» ትላለች። ያ «ትቼዋለሁ» ከልብ የመጣ ይሁን ከእፍረት አላህ ያውቀዋል። የውርስ አንቀጾች የወረዱት ግን የእንዲህ ዓይነቷን ሴት አቤቱታ ተከትሎ ነው።

ሲሶውም ብዙ ነው

ሁለተኛው ታሪክ የሌላ ሰዕድ ነው፤ የሰዕድ ኢብኑ አቢ ወቃስ (ረ.ዐ)። በመሰናበቻው ሐጅ፣ በ10ኛው ዓመተ ሒጅራ፣ መካ ውስጥ በጠና ታመመ። የምትወርሰው አንዲት ሴት ልጅ ብቻ ነበረችው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሊጠይቁት በመጡ ጊዜ ከንብረቱ ሁለት ሦስተኛውን ለሰደቃ ሊናዘዝ እንደፈለገ ነገራቸው። ከለከሉት። ግማሹንስ? አለ። ከለከሉት። ሲሶውንስ? ሲል ፈቀዱለት፤ ሲሶውም ብዙ እንደሆነ ጨመሩለት። ወራሾቹን ሰው ፊት እጃቸውን ከሚዘረጉ ተብቃቅተው ቢተዋቸው እንደሚሻልም አስተማሩት።

የወሲያ ጣሪያ ሲሶ የሆነው ከዚህ ነው። ከዚሁ ጋር ደግሞ በመሰናበቻው ሐጅ አላህ ለእያንዳንዱ ባለሐቅ ሐቁን እንደሰጠና ለወራሽ ወሲያ እንደሌለ ተነግሯል። እንግዲህ ወሲያ አንዱን ልጅ ከሌላው ማብለጫ መሣሪያ አይደለም። ለማይወርስ ዘመድ፣ ላሳደጉት የሰው ልጅ፣ ለየቲም፣ ለመስጂድ፣ ለመድረሳ፣ ላገለገለ ሰው የሚተው ነው፤ ከሁሉ በፊት ደግሞ ዕዳንና አማናን መግለጫ ነው።

የሰዕድ ታሪክ መጨረሻው ደስ ይላል። ያ ሊሞት ነው የተባለ ሰው አልሞተም። ቃዲሲያ ላይ የፋርስን ጦር ያሸነፈውን ሠራዊት መራ፣ የኩፋን ከተማ ቆረቆረ፣ ሌሎች ብዙ ልጆች ወለደ። የሞተው በ55ኛው ዓመተ ሒጅራ አካባቢ ነው፤ ስለ ወሲያ ከጠየቀ ከ40 ዓመት በላይ ኖሮ። ወሲያ መጻፍ ሞትን ይጠራል ብለው የሚፈሩ አባትና እናት ላሏችሁ፣ ይህን ታሪክ ንገሯቸው።

አገራችንን የሚያውቀው ባለዕዳ

ሦስተኛው ዙበይር ኢብኑል ዐዋም (ረ.ዐ) ነው። ዙበይር ለእኛ እንግዳ አይደለም። በመጀመሪያው ሂጅራ፣ እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ፣ ወደ ሐበሻ ከመጡት ሶሐቦች አንዱ ነበር። ነጃሺ ከተቀናቃኛቸው ጋር ሲዋጉ ሙሃጂሮቹ ወሬ የሚያመጣላቸው ሰው ፈለጉ፤ በዕድሜ ትንሹ ዙበይር በአየር የተነፋ ስልቻ ደረቱ ሥር አድርጎ ወንዙን ዋኝቶ ተሻገረና የነጃሺን ማሸነፍ አበሰራቸው። ይህን የተረኩልን ኡሙ ሰለማ (ረ.ዐ) ናቸው።

ያ ወጣት አድጎ ትልቅ ባለንብረት ሆነ። ዕዳውም ትልቅ ነበር፤ አመጣጡ ግን የተለየ ነው። ሰዎች ገንዘባቸውን አማና ሊያስቀምጡ ሲመጡ «አማና አልቀበልም፣ ብድር ይሁን» ይላቸው ነበር። አማና ያለ ጥፋት ቢጠፋ የያዘው ሰው አይከፍልም፤ ብድር ከሆነ ግን ይከፍላል። ለሰው ገንዘብ ፈርቶ ዕዳውን በራሱ ላይ አደረገው።

በ36ኛው ዓመተ ሒጅራ በጀመል ውጊያ ቀን ልጁን ዐብዱላህን ጠራው። ዛሬ የምሞት ይመስለኛል፣ ትልቁ ጭንቀቴ ዕዳዬ ነው አለው። ንብረቱን ሽጦ ዕዳውን እንዲከፍል፣ ከሲሶውም ከፊሉን ለዐብዱላህ ልጆች እንዲሰጥ ተናዘዘ። ካቃተህ በጌታዬ ታገዝ አለው። ልጁ ጌታህ ማነው ብሎ ጠየቀ። አላህ ነው አለው። ዐብዱላህ ዕዳውን ሲቆጥረው 2,200,000 ሆነ። ጥሬ ገንዘብ የለም። ያለው መሬትና ቤት ነው፤ መዲና ውስጥ 11 ቤት፣ በበስራ 2፣ በኩፋ 1፣ በምስር 1፣ ደግሞ ጋባ የሚባል የመዲና ዳር መሬት። ዙበይር በ170,000 የገዛውን ጋባን ዐብዱላህ በ1,600,000 ሸጠው።

ዕዳው ተከፍሎ አለቀ። ወንድሞቹ አሁን አካፍለን አሉት። እንቢ አላቸው። በአራት የሐጅ ወቅቶች፣ በየዓመቱ፣ ከዙበይር ላይ ዕዳ ያለው ይምጣ፣ እንከፍለዋለን ብሎ አስነገረ። አራቱ ዓመት ካለፈ በኋላ ነው ለወራሾች ያካፈለው፤ የዙበይር አራት ሚስቶችም ስምንተኛቸውን ተካፈሉ።

ጀናዛ ላይ የምንሰማው ያ አጭር ማስታወቂያ ከዚህ ጋር ሲተያይ ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ይገባናል። ዐብዱላህ አራት ዓመት ጠየቀ። እኛ አንድ ጊዜ ጠይቀን፣ ሰው በኀዘን ጭንቀት ውስጥ እያለ፣ «ማንም አልመጣም» ብለን እንከፋፈላለን። ዑለማዎች የተስማሙበት ቅደም ተከተል ግን ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ የቀብር ወጪ፣ ከዚያ ዕዳ፣ ከዚያ እስከ ሲሶ ወሲያ፣ በመጨረሻ ውርስ። ዕዳው ሳይከፈል ውርስ የተካፈለ ሰው የሌላውን ሰው ገንዘብ ነው የተካፈለው።

ከቃዲው መዝገብ እስከ ወሎ ሐሪማ

ወደ አገራችን እንመለስ። በሐረር የ19ኛው ክፍለ ዘመን የቃዲ ፍርድ ቤት መዝገቦች ዛሬም አሉ። በዐረብኛ የተጻፉ ናቸው፤ ሽያጭ፣ ውርስ፣ ስጦታ፣ ወቅፍ ተመዝግቦባቸዋል። አንድ ሰው ሲሞት ምን እንደተወና ማን እንደደረሰው የሚጻፍበት ከተማ ነበር። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1887 ሐረርን ከያዙ በኋላም የቃዲው ሥራ አልቆመም።

ወሎ ውስጥ ዕውቀቱ ያደረው በየሐሪማው ነው። ጃማ ንጉሥ፣ ከኮምቦልቻ አጠገብ ያለው ጌታ፣ ዳና፣ ሾንኬ የሚባሉት ስሞች በዚያ ዘመን ደረሳ ከሩቅ አገር የሚጎርፍባቸው ነበሩ። የታሪክ ምሁሩ ፕሮፌሰር ሑሴን አሕመድ እ.ኤ.አ. በ2001 ባሳተሙት መጽሐፍ የእነዚህን ቦታዎች ታሪክ በሰፊው ጽፈውታል። ፊቅህ የሚቀራ ደረሳ የኢማም ነወዊን ሚንሃጅ ሲይዝ የውርስና የወሲያ ምዕራፎችን ሳያልፍ አይጨርስም። የሲሶን ሒሳብ፣ የስምንተኛን ሒሳብ፣ በአሸዋ ላይ በጣት እየጻፈም ቢሆን ይማረዋል።

በ1870 ዓ.ም ከደሴ ቅርብ በሆነው ቦሩ ሜዳ የተደረገው ጉባኤና እሱን ተከትሎ የመጣው የአፄ ዮሐንስ አዋጅ የወሎን ሙስሊም ከባድ ችግር ውስጥ ጣለው። ሙስሊሙ ሃይማኖቱን እንዲለውጥ በሚገደድበት ዘመን በሸሪዓ የተነገረን ኑዛዜ መንግሥት ያስፈጽምልኛል ብሎ ተስፋ የሚያደርግ አልነበረም። የቀረለት የምስክር ቃልና አላህን መፍራት ነው። ይህን ማወቅ የሚጠቅመን ለቁጭት አይደለም። ዛሬ በእጃችን ያለው መብት ከየት እንደመጣ ለማወቅ ነው።

አዋጆቹ

ከጣሊያን ወረራ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1942 የሙስሊም ፍርድ ቤቶች በአዋጅ ታወቁ። እ.ኤ.አ. በ1944 ደግሞ ያንን የተካው አዋጅ ቁጥር 62 ወጣ፤ የቃዲዎችና የናኢባዎች ምክር ቤቶችን አቋቋመ። ናኢባው ከታች፣ ቃዲው ከበላዩ፣ ከሁሉም በላይ ይግባኝ የሚሰማው የሸሪዓ ፍርድ ቤት። ሥልጣናቸው ጋብቻ፣ ፍቺ፣ ቀለብ፣ የልጆች ሞግዚትነት ነበር፤ ሟቹ ወይም ሰጪው ሙስሊም ከሆነ ደግሞ ወቅፍ፣ ስጦታ፣ ውርስና ኑዛዜ።

ከ16 ዓመት በኋላ ነገሩ ተደናገረ። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የፍትሐ ብሔር ሕግ ወጣና መስከረም 1 ቀን 1953 ዓ.ም ሥራ ላይ ዋለ። ቁጥር 3347 በሕጉ በተሸፈኑ ጉዳዮች ላይ ቀድሞ የነበሩ ደንቦችን፣ የተጻፉትንም ልማዳዊዎቹንም፣ ሻረ። ውርስና ኑዛዜ በሕጉ ውስጥ አሉ። እንግዲህ በወረቀት ሲታይ ቃዲው የሚፈርድበት ሕግ ቀርቷል። በተግባር ግን ቃዲው መፍረዱን ቀጠለ፣ መንግሥትም አልዘጋውም። የሙስሊሙ ውርስ ለዓመታት በሕግ መሬት ላይ ሳይሆን በዝምታ ላይ ቆሞ ነበር።

ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም የአዲስ አበባ ሙስሊም ታላቁን ሰልፍ ወጣ። ክርስቲያን ወገኖችም አብረው ተሰልፈዋል። 13 ጥያቄዎች ቀረቡ። በዓላችን ይታወቅ፣ በመሬት ላይ መብት ይኑረን የሚሉትን ብዙዎቻችን እናውቃቸዋለን። የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች ጉዳይም ከጥያቄዎቹ መካከል እንደነበር ግን ብዙ ወጣት አያውቅም። ለውርስና ለጋብቻ ፍርድም ነው የተሰለፉት።

በ1987 ዓ.ም የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 34 ንዑስ አንቀጽ 5 የግልና የቤተሰብ ጉዳይ በሃይማኖት ሕግ እንዲዳኝ በር ከፈተ፤ ቅድመ ሁኔታው ግን የተከራካሪዎቹ ፈቃድ ነው። በ1992 ዓ.ም የፌደራል ሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አዋጅ ቁጥር 188 ወጣ፤ የመጀመሪያ ደረጃ፣ ከፍተኛና ጠቅላይ ተብለው በሦስት እርከን ተዋቀሩ። ክልሎችም፣ የእኛን ጨምሮ፣ የራሳቸው የሸሪዓ ፍርድ ቤቶች አሏቸው።

ፈቃድ የሚለው ቃል ለይስሙላ አልገባም። አንዲት ሴት በውርስ ክርክር የሸሪዓ ፍርድ ቤት እንዲያየው አልፈቀድኩም ብላ ተቃወመች፤ ጉዳዩ ግን ታየና ተፈረደ። በይግባኝም በሰበርም አልተሳካላትም። በመጨረሻ በ1996 ዓ.ም የፌዴሬሽን ምክር ቤት ያለ ፈቃዷ የተሰጠው ውሳኔ ከሕገ መንግሥቱ ጋር ይጋጫል ብሎ ሻረው።

ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ይህ ነው፦ ዛሬ በአገራችን የአንድ ሙስሊም ውርስ በሸሪዓ የሚከፋፈለው ሟቹ ሙስሊም ስለነበረ ብቻ አይደለም። በሕይወት የቀሩት ተከራካሪዎች ሲስማሙ ነው። ከአምስት ልጆች አንዱ «አልፈቅድም» ካለ ጉዳዩ ወደ መደበኛው ፍርድ ቤት ይሄዳል። ስለዚህ የአባትየው ፍላጎት በጽሑፍ ካልተቀመጠ፣ ልጆቹም በሕይወቱ እያለ ካልሰሙትና ካልተስማሙበት፣ አያቶቻችን የተሰለፉለት መብት በአንድ ቤት ኩርፊያ ዋጋ ያጣል።

ሁለቱ ሕጎች የሚለያዩበት

መደበኛው ፍርድ ቤት ጋ ሲደረስ ምን ይለያል? ሦስት ነገር እንያዝ።

አንደኛ፣ ሚስት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ኑዛዜ ከሌለ ባልና ሚስት አይወራረሱም። ሚስት የጋራ ንብረቱን ግማሽ ትወስዳለች፤ ከባሏ ድርሻ ግን እንደ ወራሽ አትቆጠርም። በሸሪዓ ሚስት ወራሽ ነች፤ ባሏ ልጅ ካለው ስምንተኛ፣ ከሌለው ሩብ አላት። የራሷ የሆነው ንብረት ደግሞ ከመጀመሪያውም ውርስ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ የትኛው የባል፣ የትኛው የሚስት፣ የትኛው የጋራ እንደሆነ በሕይወት እያሉ መጻፍ አለበት። ያቺ ወርቋን ሸጣ ሱቅ የከፈተች እናት የጎደላት ይህ ወረቀት ነው።

ሁለተኛ፣ ልጆች። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ወንድና ሴት ልጅ እኩል ይወርሳሉ። በሸሪዓ ድርሻው በአንቀጾቹ ተለይቷል። እህቱን ጨርሶ የሚያስቀር ሰው ግን በሁለቱም ሕግ ዘራፊ ነው።

ሦስተኛ፣ የኑዛዜ ነፃነት። በፍትሐ ብሔር ሕጉ ሰው ከሲሶ በላይም፣ ለወራሹም መናዘዝ ይችላል። ሕጉ ፈቀደልኝ ብሎ ከአላህ ወሰን ማለፍ ለሙእሚን አያዋጣውም። ያው ነፃነት ግን ለመልካምም ይሆናል። በአሜሪካና በእንግሊዝ የሚኖሩ ሙስሊሞች የአገሩን የኑዛዜ ሕግ ተጠቅመው «ዕዳዬ ይከፈል፣ እስከ ሲሶ ለእነ እገሌ ይሰጥ፣ የቀረው በሸሪዓ ድርሻ ለወራሾቼ ይከፋፈል» ብለው ይጽፋሉ። እኛም ጋ አባት ፍላጎቱን እንዲህ ግልጽ አድርጎ መጻፍ ይችላል፤ አጻጻፉን አንድ ዓሊምና አንድ የሕግ ባለሙያ ቢያዩለት ደግሞ ይጸናል።

ደብተሩ ፍርድ ቤት እንዲቆም

ያ የሰኞ ገበያ ደብተር ቤተሰቡ ስለተስማማ ሠራ። ካልተስማማስ? ፍርድ ቤት ፊት የሚቆም ኑዛዜ አጻጻፍ አለው።

አባት በራሱ እጅ የሚጽፈው ከሆነ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእጁ ይጻፈው። ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበል። ቀን ያስገባ፣ እያንዳንዱን ገጽ ይፈርምበት። ልጅ በኮምፒውተር ጽፎ አባት ከሥር ቢፈርም ይህ ዓይነት ኑዛዜ አይሆንም።

መጻፍ የማይችል ከሆነ ሌላ ሰው ይጽፍለታል። ያኔ ኑዛዜው በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ መነበቡም ቀኑም በጽሑፉ ላይ ይገለጻል፤ ተናዛዡና ምስክሮቹ እዚያው ይፈርማሉ ወይም የጣት አሻራ ያኖራሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ሥራው ላይ ያለ ዳኛ ወይም ሰነድ አረጋጋጭ ከሆነ 2 ምስክር ይበቃል። ከኑዛዜው የሚጠቀም ሰው ምስክር ባይሆን ይሻላል።

ባልና ሚስት በአንድ ወረቀት አብረው ቢናዘዙ ሕጉ አይቀበለውም፤ እያንዳንዳቸው ለብቻ ይጻፉ። በቃል ብቻ የሚነገር ኑዛዜም ሕጉ ጠባብ ቦታ ነው የሰጠው፤ ቤትና ሱቅ በቃል ኑዛዜ አይተላለፍም። የገጠር መሬት ያለው ሰው ደግሞ ክልሉ ስለ መሬት ያወጣውን ሕግ መጠየቅ አለበት፤ መሬቱ የይዞታ መብት እንጂ የሚሸጥ ሀብት አይደለምና። የተጻፈ ኑዛዜ በማንኛውም ጊዜ ሊሻርና ሊለወጥ ይችላል፤ በፊቅህም በሕግም። እንግዲህ «ዛሬ ብጽፈው ነገ ሐሳቤን ብለውጥስ?» የሚል ፍርሃት ቦታ የለውም።

ውክልናን ከወሲያ አትቀላቅሉ። ብዙ ልጆች «አባቴ ውክልና ሰጥቶኛል» ብለው ከቀብር በኋላ ቤት ሊሸጡ ይነሳሉ። ውክልና በመሠረቱ ከወካዩ ጋር ይሞታል። ወካዩ አእምሮውን አጥቶ ራሱን ማስተዳደር ካቃተውም ይቀራል፤ ያኔ ጉዳዩ የሚሄደው ፍርድ ቤት ነው። አእምሮው ከተወሰደ በኋላ ወሲያም አይጸናም። አባት የልጁን ስም መርሳት ከጀመረ በኋላ እጁን ይዞ ማስፈረም ሐራምም ወንጀልም ነው። ጊዜው አእምሮ ሙሉ ሳለ ነው።

በ2014 ዓ.ም ጥቅምት ወር ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ስንቱ ሰው በለበሰው ልብስ እንደወጣ የምናውቅ እናውቃለን። ካርታ፣ ውል፣ የባንክ ደብተር ቤት ቀርቶ ነበር። ወጥተው ያልተመለሱ አባቶች አሉ፤ ማን ላይ ምን እንዳላቸው አብሯቸው ተቀብሯል። ወሲያ የአልጋ ቁራኛ ለሆነ ሰው ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ተምረናል። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) የሚናዘዝበት ነገር ያለው ሙስሊም ወሲያው ሳይጻፍ ሁለት ሌሊት ማደር እንደማይገባው አስተምረዋል። ሐዲሡን ያስተላለፉት ኢብኑ ዑመር (ረ.ዐ) ያንን ከሰሙ ወዲህ ወሲያቸው ከእሳቸው ጋር ሳትሆን አንድም ሌሊት አላለፈባቸውም።

ወጣቱ ምን ያድርግ?

አባቱን «ኑዛዜ ጻፍ» ብሎ የሚነሳ ልጅ ውርስ የቸኮለ ይመስላል። በእኛ አገር አደብ ይህ ከባድ ነው፤ እንረዳለን። ስለዚህ ከራሳችን እንጀምር። ወጣት ነኝ፣ ምን አለኝ አትበል። የተበደርከው፣ ያበደርከው፣ የገባህበት ዕቁብ፣ በስልክህ ያለው ገንዘብ፣ ያልጾምከው ቀዳ፣ የወሰድከው የሰው መጽሐፍ ሁሉ ይጻፋል። ጽፈህ ስትጨርስ «አባባ፣ እኔ ወሲያዬን ጻፍኩ፤ አንድ ቦታ ላይ አማክረኝ» በለው። ምክር የተጠየቀ አባት ራሱን ማሰቡ አይቀርም። እሱ ሲናገር ደግሞ ጻፍ እንጂ አትምራ፤ ምን ለማን እንደሚሰጥ አትጠቁመው። ታላቅ እህትህንም ጥራ፣ እናትህም ትስማ። ከምስክሮቹ በተጨማሪ ልጆች ሁሉ ባሉበት የተነበበ ወሲያ የኋላ ኩርፊያን ይቀንሳል።

ጀናዛ ስትሰግዱም ያንን ማስታወቂያ በሌላ ጆሮ ስሙት። «ሐቅ ያለው ካለ ይምጣ» ሲባል የዙበይር ልጅ አራት ዓመት ያስነገረው ጥሪ ነው። የሰኞ ገበያው አባት ግን መልሱን አስቀድመው፣ በሕይወት ሳሉ፣ በተማሪ ደብተር ላይ ጽፈውት ነበር።

አላህ የሰው ሐቅ ተሸክመን ከመሞት ይጠብቀን። የሞቱ ወላጆቻችንን ይማርልን፣ ላሉት ዕድሜና ጤና ይስጥልን፣ ወንድሞችንና እህቶችን በገንዘብ ከመለያየት ያድነን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።